አፉ በይኝ

እርጥብ ኮረሪማ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ ሆዴ ይባባል። ዛሬ ጠዋት ጦር ኃይሎች ታክሲ ስጠብቅ አንዲት ሴት ዝናብ ያገኘውን የኮረሪማ ማዳበሪያዋን አጠገቤ አሳረፈች። ሽታው ወስዶ ኮልፌ፣ እናቴ ጓዳ ውስጥ አስቀመጠኝ።

እናቴ ከትውልድ አገሯ ከደቡብ ምዕራብ ኮረሪማ እያስመጣች የምትቸረችር፣ እሁድን ሙሉ ቸርች የምትውል ጴንጤ ነበረች። ጎረቤታችን ደግሞ ሜትር ካንገታቸው የማይወርድ ሙስሊም ልብስ ሰፊ ነበሩ። አንድ ክረምት የእሳቸው ጣሪያ አሸንዳ ተገንጥሎ ውሃው ሁሉ ጓዳችን ገባ፤ ኮረሪማውም ሻገተ። መሻገቱስ ባልከፋ። እናቴን ያንገበገባት ሊያዩ መጥተው የተናገሩት ነው።

"ታዲያ ዝናቡን እኔ አዘነብኩት?" አሏት።

ከዚያ ወዲያ ሰላምታም ቀረ። ባንድ የግቢ በር እየገቡ እየወጡ፣ እናቴ እሳቸውን ስታይ ነጠላዋን የምታስተካክል መስላ ታቀረቅር ነበር።

ሰውየው ሐጅ ሊሄዱ ሲነሱ ደጃችን መጡ። መካ የሚሄድ ሰው ጎረቤቱን ዞሮ ይቅርታ ሳይጠይቅ አይሄድም። ያለ ሜትር ሳያቸው ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

"አፉ በይኝ" አሏት።

ቃሉ ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ ይቅር በይኝ ማለት እንደሆነ ሰፈራችን ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል።

"ጌታ ይቅር ይበልዎት" አለች እናቴ፣ ቀና ሳትል።

"እሱንማ እኔው እለምነዋለሁ። የሻገተው ኮረሪማ ግን ያንቺ ነበር። አፉ የምትይኝ አንቺ ነሽ።"

እናቴ ኮረሪማዋን መልቀሟን ቀጠለች። ሰውየው ቆመው ቆመው ሄዱ።

ያን ማታ እራት ላይ መጸለይ ጀምራ "የበደሉንን ይቅር እንደምንል" የሚለው ላይ ስትደርስ ተወችው። በማግስቱ ዘመዶቻቸው መኪና ውስጥ ሲያስገቧቸው፣ ሻሿን እንኳ ሳታስር ሮጣ ወጣች። "አፉ ብያለሁ!" አለቻቸው በመስኮቱ፤ ጮክ ብላ፣ ቤት የመጡ የቸርች እህቶቿ እየሰሟት። ልብስ ሰፊው አለቀሱ። እኔ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ አፍሬ አጥር ሥር ተደበቅሁ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ዓረብኛ የተማረ የሥራ ባልደረባዬ ስለ ቃሉ አጫወተኝ። ነፋስ አሸዋ ላይ ያለ ዱካ ሲያጠፋ ዓረቦቹ በዚሁ ቃል ይጠሩታል አሉ። ከሚያስፈልግህ ተርፎ ለሰው የምትሰጠውንም እንዲሁ። ወደድኩት፤ ግን ልቤ ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም። ኮልፌ አሸዋ ሳይሆን ጭቃ ነው። ጭቃ ላይ የደረቀ ዱካን ነፋስ አያነሳውም፤ ሰው መጥቶ ካልረገጠው እዚያው ነው። እናቴም የተረፋት ነገር አልነበረም፤ የሰጠችው ከጎደላት ላይ ነው።

አምና እናቴ አረፈች። ፓስተሩ ጸልየው እንደጨረሱ፣ አስከሬኑ ሳይነሳ፣ ልብስ ሰፊው በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ።

"እኛ ዘንድ እንዲህ ይጠየቃል፤ እንዳትቀየሙኝ" አሉና ወደ ጎረቤቱ ዞሩ። "በዚህች ልጅ ቅር የተሰኛችሁ ካላችሁ፣ አፉ በሏት።"

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ፓስተሩ ዞረ። ቀድመው "አፉ ብለናል" ያሉት ፓስተሩ ራሳቸው ነበሩ፤ ሌላው ሰው ተከተላቸው።

እኔም አልኩ። በእናቴ ቅር የተሰኘሁት ባንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጥላኝ በመሄዷ።