ሲስተር ትርንጎና የላይኛው ጤና ጣቢያ በር

ባለፈው ሳምንት ልጄን ላስከትብ የገባሁበት ክሊኒክ ኮሪደሩ ገና በጀርም ማጥፊያው በሳቭሎን መወልወሉ ነበር። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ቆሜ ቀረሁ። ልጅ ሳለሁ፣ ሲስተር ትርንጎ ከሥራ ስትመለስ ካፊያ ያረጠበው ሹራቧ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

ሲስተር ከጎጃም ወደ እኛ ከተማ ቦንጋ ተመድባ የመጣች ነርስ ነበረች። ግቢያችን ውስጥ አንዷን ክፍል ተከራይታ፣ በሽቦ አልጋ፣ በቡታጋዝና ክዳኑ በላስቲክ በታሰረ የካሴት ቴፕ ኑሮ ጀመረች። የምትሠራው ፊት ለፊታችን ባለው የላይኛው ጤና ጣቢያ ነው፤ ቆርቆሮው የዛገ፣ ክረምት ሲገባ ማዋለጃው ድረስ የሚያፈስ ቤት። የአገሩን ቋንቋ ካፊኖኖን የተማረችው ከበሽተኞቿ ነበር። ስትሳሳት ሴቶቹ ይስቁባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

ከቁልቁለቱ በታች ሌላ ጤና ጣቢያ ተሠርቶ ነበር፤ ግድግዳው ነጭ፣ ፍራሾቹ ላስቲካቸው እንኳ ያልተገፈፈ። እዚያ ግን በወላዶች ላይ ይጮሃሉ፤ ይመቷቸዋልም ይባል ነበር። ስለዚህ ከገጠሩ፣ ከማንኪራ አቅጣጫ የሚመጡት በሩን አልፈው፣ ዳገቱን ወጥተው ወደ ሲስተር ይመጣሉ።

መድኃኒት የሚታደለው ግን በየጤና ጣቢያው ሥር ባለው ሕዝብ ልክ ነው። የታችኛው መደርደሪያ ሞልቶ ሲቀመጥ የእኛው ቶሎ ይራቆታል። የጎረቤታችን ልጅ በወባ እየተንቀጠቀጠ "አልቋል" ተብሎ የተመለሰበት ቀን ነበር። በጤና ጣቢያዎቹ የግምገማ ስብሰባ ላይ የታችኛው ኃላፊ ተነስቶ በሽተኞቼን ተቀማሁ ብሎ ከሰሰ። ሁሉም በየአካባቢው ብቻ ይታከም የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ሲስተርም እጇን አውጥታ ደገፈች።

"ምን ላድርግ እትዬ?" አለቻት እናቴን። "የዚህ ሰፈር ልጆች መድኃኒት አጡ እኮ።"

ከዚያ ወዲህ ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ "ቀበሌሽ የት ነው?" ማለት ጀመረ።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ፣ ጭቃ እስከ ጉልበታቸው የለጠፈባቸው ሰዎች አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው በሩ ላይ ቆመው አየሁ። ዓለሚቱ ትባላለች፤ ባሏ ወልዴ ከእግሯ በኩል ይዟል። ዘበኛው አላስገባ ሲላቸው ሲስተር ወጣች። ዝናቡ ላይ ተንበርክካ ሆዷን ዳሰሰች።

"ደህና ነሽ፤ ገና ጊዜ አለ። ወደ ታችኛው ይውሰዱሽ።"

ዓለሚቱ የሲስተርን እጅ ጨብጣ ያዘች። "እዚያ አልሄድም። የመጀመሪያዬን ስወልድ ጭኔን በጥፊ የመቱኝ እዚያ ነው።"

ሲስተር ወደ ዘበኛው አየች፤ ወደ ማዋለጃው መስኮት አየች። ከዚያ እጇን ቀስ ብላ አላቀቀች። "ዛሬ አይመቱሽም። ሰው እልክባቸዋለሁ።"

የላከችው ሰው ታችኛው ጤና ጣቢያ ቢጠብቅም ቃሬዛው አልገባም። ዓለሚቱ በሩ ላይ ሲደርሱ እለፉ፣ ቤቴ አድርሱኝ ብላ አልቅሳ ነበር። እቤቷ ወንድ ልጅ ወለደች። ደሟ ግን አልቆም አለ፤ ሳይመሽ ሞተች።

ሲስተር ቀብሩ ላይ ተገኝታ ስትመለስ ሹራቧን ሳታወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እናቴ ያቀረበችላትን ሻይ አልነካችም። "ገና ጊዜ አለ አልኳት" አለች።

በማግስቱ ዘበኛውን ከበሩ ላይ አስነሳችው። የመጣውን ሁሉ ተቀበለች። መድኃኒቱም እንደ ድሮው ቶሎ አለቀ፤ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ አልሰማ ስትል ደካ ወደምትባል ሩቅ ከተማ አዛወሯት። ዘበኛው ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ከማንኪራ በኩል የሚመጣ ቃሬዛ አላየሁም፤ ሴቶቹ እቤታቸው መውለድ ጀመሩ።

የምትሄድ ዕለት መኪና እየጠበቀች ሳለ ወልዴ መጣ። ሕፃኑን በጋቢ አዝሎ፣ በትንሽ ጀሪካን የጫካ ማር ይዞ ነበር። ማሩን እግሯ ሥር አስቀመጠ።

"ዓለሚቱ አንቺን ብላ ነበር ከቤት የወጣችው" አላት።

ምስጋና ይሁን ወቀሳ ከፊቱ አላስታውቅ አለኝ። ሲስተር የሕፃኑን እግር በጋቢው ሸፈነችለትና መኪናው ላይ ወጣች።

ማሩን አልወሰደችም። እናቴ አንስታ ከጓዳው መደርደሪያ ላይ አኖረችው። እኔና ወንድሞቼ ማር እንወድ ነበር፤ እሱን ግን ማናችንም ቅመሱ አልተባልንም፣ ስጡንም አላልንም። እዚያው ረግቶ ነጣ።