አጎቴ ለጀማሪ የሚመርጡት ቢላ

አጎቴ ሰመራ ላይ ከአሮጌ የጭነት መኪና ባሌስትራ ለጨዋታ ዒላማ ላይ የሚወረወር ቢላ ይሠሩ ነበር። ለጀማሪ ሲመርጡ ደንበኛው የወደደውን ሳይሆን የሚበጀውን ነበር የሚሰጡት፦ እስከ እጀታው አንድ ወጥ ብረት የሆነ፣ ከበድ ያለ፣ ጫፉ የሾለ፣ ጎኑ ግን ያልተሳለ።

አንድ ቀን ከዲቾቶ የመጣ ሾፌር የእንጨት እጀታ ያለውን አነሳ።

"አባባ፣ በዚህ ፀሐይ ብረቱ እጅ ያቃጥላል" አላቸው።

"እንጨቱ ቶሎ ይሰነጠቅብሃል። ፀሐይ ሳይወጣ ተለማመድ።"

"እንቅልፌስ?"

"እንግዲያው ፍራሽ ግዛ።"

ሾፌሩ እየሳቀ ብረቱን ገዛ።

አላህ ይዘንላቸውና፣ ካረፉ ወዲህ ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ቤተሰቡ "ዝምተኛ ናት፤ ደንበኛ የጠየቃትን ሁሉ ትሸጣለች፤ የሳቸው ስም ይበላሻል" ብሎ ሰግቶ ነበር። ባለፈው ሳምንት አንድ መምህር ለመጀመሪያ ልምምዱ በደንብ የተሳለ ቢላ ፈለገ። "ነጥሮ ቢመለስ የሚቆርጠው እርስዎን ነው" ብዬ ሳልሸጥለት ቀረሁ። ተቆጥቶ ወጣ። ትክክል መሆኔን አልተጠራጠርኩም። ግን አጎቴ ይቀመጡበት ወደነበረው ጥግ ዞር ስል "ደግ አደረግሽ፤ ነገ ይመጣል" የሚለኝ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ባዶው ሱቅ ውስጥ ድምፄን አውጥቼ ራሴው አልኩት።