ልብ በአማርኛ

ከክፍል ሲወስዱኝ ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። ጥፋቴ የመምህራን ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነገር ነው። ጣቢያ ስንደርስ ቀበቶዬን፣ የጫማዬን ክርና ስልኬን ተቀበሉኝ፤ ጠመኔውን ግን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። የታሰርኩባት ክፍል ላብና እርጥብ ሲሚንቶ ትሸታለች። ሐዋሳን ሁሉ የሚያዳርሰው የሐይቁ ነፋስ እሷን ይዘላታል።

ከጎኔ የሚተኛው መናኸሪያ አካባቢ ባጃጅ እየነዳ ማታ የሚማር ሰው ነበር። ነርስ መሆን ይፈልጋል። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቆ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክር ሲል ተያዘ። በፖሊስ ታጅቦ እንዲፈተን ተፈቅዶለታል።

«ቲቸር፣ ባዮሎጂ ያስጠኑኝ» አለኝ።

ስለ ልብ ጠየቅኩት። አንድ ሙሉ ገጽ በእንግሊዝኛ አንበለበለው። «ምን ማለት ነው?» ስለው ያንኑ ገጽ ከመጀመሪያው ጀመረልኝ። ላም አለኝ በሰማይ። ትምህርታችን እንዲህ ነው፤ መምህሩ በእንግሊዝኛ ያነባል፣ «ገባችሁ?» ይላል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «የስ» ይላል፣ ከዚያ ሽምደዳ ነው።

እኔም ወለሉ ላይ በጠመኔ እየሳልኩ እንደለመድኩት በእንግሊዝኛ ጀመርኩ። ጠባቂው ፖሊስ በሩን ደበደበ።

«በማይገባን ቋንቋ ማውራት ክልክል ነው። ወለሉ ላይ የሳልከው ምንድን ነው?»

«ልብ።»

«በአማርኛ ይሁን።»

በአማርኛ ሆነ። ደም በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ስነግረው ተማሪዬ ጣቱን አንገቱ ላይ አድርጎ ምቱን አዳመጠ። «ለካ ይሄ ነው!» አለ። ፈተናው በእንግሊዝኛ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን፤ አላነሳነውም።

የፈተናው ቀን ያጠበውን ሸሚዝ ለብሶ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ተመለሰ።

«ጥያቄው ስለ ልብ መሆኑን አውቄያለሁ፤ ምን እንደሚለኝ ግን አላወቅኩም።»

እሱ ፊቱን ታጠበና ግድግዳውን ተደግፎ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ቲቸር፣ ቀጥሎ ኩላሊት ነው ያልነው።»

በቀረችው ጠመኔ ሳልኩለት። ፈተናው አልፏል፤ ከአሁን በኋላ ስለ ኩላሊት የሚጠይቀው ሰው የለም። መሃል ላይ እጁን አወጣ።

«አልገባኝም፤ ይድገሙልኝ።»

ደገምኩለት።

ከዚያ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት፤ የት እንዳለ አላውቅም። እኔ ተፈትቼ ወደ ክፍሌ ተመልሻለሁ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ በእንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ኩላሊት ላይ ስደርስ «ገባችሁ?» ብዬ ቆም እላለሁ፤ እጅ የሚያወጣ ሰው እፈልጋለሁ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «የስ» ይላል።