የተጠመቀው ማሽን

የልጅ ልጄ ሰናይት የጂኦሎጂ ትምህርቷን ጨርሳ ሰሞኑን ወረታ መጥታ ነበር። ቁርስ ላይ ከቦርሳዋ ቀላ ያለ ድንጋይ አውጥታ ከሻይ ብርጭቆዬ አጠገብ አስቀመጠችው። ግማሹ ጠንካራ ነው፤ ግማሹ ነጥቶ በጥፍር ይፈረፈራል።

«ግራናይት ነው አባባ» አለችኝ። «ፍል ውሃ በስንጥቁ እየገባ ቀቅሎት ነው እንዲህ የላላው። ውሃው ሲያልፍ አንዳንዴ ዩራኒየም ጥሎበት ይሄዳል።»

ሳቄ አመለጠኝና ሻዩ ትን አለኝ። ከእንዲህ ያለ ድንጋይ ጋር የቆየ ትውውቅ አለኝ።

በንጉሡ ጊዜ ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ አባቴ ቤት ተቀምጫለሁ። የፎገራን ክረምት ያየ ያውቀዋል፤ የርብ ወንዝ ሲሞላ ሜዳው ባሕር ይሆናል። ከብቱን ወደ ደረቅ ስንነዳ ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጠናል፤ ከጭቃው የተረፈውን ደግሞ አልቅት ይመጠዋል። አዲስ አበባ አስፋልት አለ ሲሉ ሰምቼ ስለነበር ምኞቴ ሁሉ እዚያ መሄድ ነበር።

ጥቅምት ላይ መንገዱ ሲጠነክር ከበደ የሚባል ኢንጂነር ላንድሮቨር ይዞ መጣ። ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ችኩል ሰው ነው። ዩራኒየም ሲቀርበው ጠቅጠቅ እያለ የሚጮህ መሣሪያ ይዞ ዩራኒየም ይፈልጋል። እኔን መንገድ መሪና ተሸካሚ አድርጎ ቀጠረኝ።

«ይህ መሣሪያ ፍል ውሃችሁ ላይ ከጮኸ አዲስ አበባ ይዤህ እሄዳለሁ፤ ሥራ ትገባለህ» አለኝ። እኔም እንዲጮህልኝ ስለት ስሳል ሰነበትኩ።

እሱ መሣሪያውን ይዞ ከፊት ይሄዳል፤ እኔ ድንጋይ የሞላ ቦርሳውን አዝዬ ከሩቅ እከተላለሁ። ስንቃችን በሶና የተቆላ ሽምብራ ነበር። በሶውን ሁልጊዜ አቅጥኖ ይበጠብጠው ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም።

ፍል ውሃው የሚፈልቀው ከኮረብታ ሥር ነው፤ ላገሩ ሰው ጸበል ነው። በደረስንበት ቀን አባ ተክሌ ሕመምተኛ ያጠምቁ ነበር። ርኩስ መንፈስ ያደረበት ሰው ጸበል ሲቀርበው እንደሚጮህ የማያውቅ የለም፤ አባም ስሙን እየጠየቁ ያስለቅቁታል። ሕዝቡ ሲጋፋ እኔን ገፍቶ ከኢንጂነሩ ጎን አጣበቀኝ። መሣሪያው ወዲያው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅጠቅጠቅ አለ።

«አገኘን!» ብሎ ኢንጂነሩ ዘለለ። እኔ አስፋልቱ ታየኝ።

አባ ተክሌ ጸበል የሞላ ቅላቸውን ይዘው ቀረቡ። ጸበል አይቶ የሚጮህ ነገር እሳቸው የሚያውቁት አንድ ብቻ ነው።

«ማነህ? ከየት መጣህ?» ብለው መሣሪያውን ገሠጹት። ጠቅጠቅጠቅ።

«አባ፣ ይሄ እኮ ማሽን ነው!»

«አንተን አልጠየቅሁም ልጄ፤ እሱ ይመልስ» አሉና ቅሉን ገለበጡበት። መሣሪያው ትስስ ብሎ ጸጥ አለ።

«ለቀቀ!» እልልታው ቀለጠ። ኢንጂነሩ ራሱን ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። አንዲት እናት ዳቦ ቆሎ እያስጨበጡት «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ወጥቶልሃል፤ ሰውነትህ እንዲጠነክር ትንሽ ቅመስ» አሉት። ቀመሰ። ምን ያድርግ?

በማግስቱ ማሽኑን ፀሐይ ላይ ብናሰጣው ነፍስ ዘራ። ተመለስን። አባ «ጓዛችሁን ከሾላው ሥር ተዉ» ስላሉ ቦርሳውን እዚያ አስቀመጥኩ። ጸበሉ ዳር መሣሪያው እንደ ወትሮው አልፎ አልፎ ጠቅ ከማለት በቀር ምንም አላለም።

«አላልኳችሁም? ነጽቷል» አሉ አባ።

ኢንጂነሩ ግራ ተጋብቶ ወደ ሾላው ሲመለስ፣ ቦርሳው ዘንድ ጠቅጠቅጠቅ! ከሩቅ አገር ያመጣው፣ መሣሪያውን የሚፈትንበት ግራናይት እዚያ ውስጥ ነበር። አባ ያሳደዱት ጋኔን እኔ ጀርባ ላይ ታዝሎ ኖሯል።

ኢንጂነሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ ግን አለቀስኩ። ላንድሮቨሩ በይፋግ በኩል ወደ ጎንደር አለፈ፤ እኔም ወደ አልቅቶቼ ተመለስኩ።

ሰናይት ትናንት ሄደች። አዲስ አበባ ሥራ አግኝታለች፤ እሷም እንዲህ ያለ መሣሪያ ይዛ አገር ልትዞር ነው። ደስ አለኝ፤ ቀናሁም፣ አልዋሽም። እስከ መናኸሪያ ቦርሳዋን ካልተሸከምኩ ብዬ አስቸገርኳት።

«ድንጋይ እኮ ነው ያለበት አባባ፤ ይከብድዎታል» አለች።

«አውቃለሁ» አልኩና አዘልኩት። «አንቺ ብቻ ራቅ ብለሽ ከፊት ሂጂ፤ እኔ ስጠጋ ነው ነገር የሚበላሸው።»