ሰባት አፍ፣ አንድ ወፍ

ጎንደር ፍርድ ቤት በጸሐፊነት የተቀጠርሁት ጣሊያን በወጣ በጥቂት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ቀን ዳኛው ግራዝማች አላምረው ብዕርና ቀለም ሰጥተውኝ "የሰማኸውን ጻፍ፤ ያሰብኸውን ለራስህ ያዝ" አሉኝ። ቀላል ሥራ መስሎኝ ነበር።

የዚያኑ ዕለት የደረሰኝ መዝገብ ከኮሶዬ የመጣ የበሬ ስርቆት ነው። ተከሳሹ ቢተው የሚባል ገበሬ ነበር። አገሬው ሌባ ለማውጣት አፈርሳታ ተቀምጦ፣ ሰባት ሽማግሌዎች "ወፍ ነግሮናል፤ ሌባው ቢተው ነው" ብለዋል። ወፍ የሚባለው ያየውን ለሽማግሌ በስውር የሚናገር ሰው ነው፤ ስሙ አይወጣም። እኔም "ምስክር፦ ሰባት" ብዬ አሳምሬ ጻፍሁ። በጽሕፈቴም ኮራሁ።

ግራዝማች አነበቡና "ወፎቹ ስንት ናቸው?" አሉኝ።

"ሽማግሌዎቹ ሰባት ናቸው፣ ግራዝማች።"

"እሱንማ ጽፈኸዋል። ሂድና ጠይቅ። ስም አታስወጣ፤ ቁጥሩን ብቻ አምጣ።"

ቢተው እስር ቤት ነበር። ክረምቱ ገብቷል፤ መሬቱ ጦም ሊያድር ነው። በበቅሎ ኮሶዬ ወጥቼ ሰባቱንም ለየብቻ ጠየቅሁ። ስድስቱ የሰሙት ከሰባተኛው ነው። ሰባተኛው የሰማው ከአንድ ወፍ ነው። ወፉም ያየው በጠዋት ጉም ውስጥ ጋቢ የተከናነበ ሰው በሬ ሲነዳ ነው፤ "አረማመዱ የቢተው ነው" ብሏል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ልመለስ ስል አንዲት ባልቴት መንገድ ላይ አቆሙኝ። "ምነው እኔን የሚጠይቅ ጠፋ? በዚያ ጠዋት ቢተው እኔ ዘንድ አጥር ሲያጥር ነበር" አሉኝ። የቢተው አክስት ናቸው። ምን ላድርግ፣ እሱንም ጻፍሁ።

ጎንደር ስደርስ ጭንቅላቴ ዞሮ ነበር። "ግራዝማች፣ ወሬውን ሳልሰማ ሰርቆ ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር። ሰባት ሲባል አወቅሁ። አሁን ደግሞ አላውቅም። ዞሬ እዚያው ነኝ" አልኋቸው።

"ባዶ ሚዛን እኩል ይቆማል፤ ግራ ቀኙ እህል የተጫነበትም እኩል ይቆማል" አሉ። "በባዶው ላይ አንድ ሽምብራ ብትጥል ያዘነብላል። የተጫነው ግን ንቅንቅ አይልም።"

"የኛው የትኛው ነው?"

"የኛውማ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ በአንድ በኩል በጉም ያየ አንድ ወፍ፣ በሌላው አንዲት አክስት። በእንዲህ ያለ ሚዛን ሰው አላስርም።"

ገባኝ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ አልገባኝም። ቢተው ተለቀቀ። በሬው የጠፋበት ሰው "ሰባት ሰው ያለውን አንድ ጸሐፊ አፈረሰው" እያለ ከችሎቱ በር ላይ አለቀሰ። ሌላ በሬ አልነበረውም።

በኋላ ቢተው ገበያ ላይ አገኘኝ። እጄን ይዞ "አንተ ጸሐፊው፣ እውነቱን ንገረኝ፤ እኔ ሌባ እመስልሃለሁ?" አለኝ። ያዳንሁት ሰው ነው፣ አይደለህም ማለት ነበረብኝ። ግን አላውቅም ነበር። እጄን ለቆ ሄደ፤ እኔም አፈርሁ።

ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከእያንዳንዱ ምስክር ስም አጠገብ "አይቶ ወይስ ሰምቶ፤ ከማን?" የሚል መስመር እጨምር ነበር። በሬውን ማን እንደ ወሰደው ግን ዛሬም አላውቅም።