ጥቁር ለባሹን «እግዜር ያጥናህ» የሚለው ጠፋ

ባለፈው እሑድ ረፋድ ላይ ዳንግላ መናኸሪያ ከሚኒባስ ስወርድ ፈንታሁንን አየሁት። ጥቁር ጃኬት፣ ጥቁር ሱሪ፣ ጥቁር ጫማ... እንደ ወትሮው።

እኔ ለእህቴ ልጅ ክርስትና ነበር ከእንጅባራ የመጣሁት። ነጠላ ለብሻለሁ።

«ዛሬም አላወለቅከውም?» አልኩት እየሳቅኩ። «ወይስ ባንዱ ተመልሷል?»

አልሳቀም። «ደህና ነዎት ጋሼ?» ብቻ አለኝ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ፈንታሁን «ጥቁር ጉም» የሚባል ባንድ ድምፃዊ ነበር። እሱና ጓደኛው አለልኝ እንጅባራ ተማሪ ሳሉ ነው የጀመሩት። አለልኝ ከአንድ የፈረሰ የሠርግ ባንድ ያረጀ ኪቦርድ ገዛ፤ የከበሮውንም የቤዝ ጊታሩንም ድምፅ ከዚያው ያወጣዋል። ፈንታሁን ጊታሩን አንግቶ በዚያ ወፍራም ድምፁ ስለ መቃብርና ስለ ጉም ይዘፍናል፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በአዊኛ። ለጋዜጣ ስጠይቃቸው «የኛ ሙዚቃ ጎቲክ ሲንት ሮክ ነው» አሉኝ። እንዳሉኝ ጻፍኩት። አዘጋጁ «ሙዚቃ የሚለውን ብቻ አስቀርቼልሃለሁ» አለኝ።

የመጀመሪያው ዝግጅታቸው ዕለት አብሬያቸው ነበርኩ። ጥቁር በጥቁር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ተኩለው፣ ኪቦርዱን ጋሪ ላይ ጭነው እዚሁ ዳንግላ ወደ አዳራሽ ሲሄዱ፣ መንገድ ዳር ድንች የሚሸጡት እማማ ጥሩወርቅ ሚዛናቸውን ትተው ተነሡ።

«እኔን ልጆቼ! እግዜር ያጥናችሁ። ማን ሞተባችሁ?»

«ማንም አልሞተም እማማ፤ ዘፈን ነው» አላቸው አለልኝ።

ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። «በሐዘን ልብስም ይቀለዳል?» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሦስተኛው ዘፈን ላይ መብራት ጠፋ። ጨለማው ለሙዚቃቸው ይስማማ ነበር፤ ኪቦርዱ ግን በመብራት ነው የሚሠራው።

ቀጥሎ ጥርባ ሐይቅ ዳር ጉም ውስጥ ቆመው ክሊፕ ሠሩ። ብዙ ሰው አየው። አይቶም «ሰይጣን አምላኪዎች ናቸው» አለ። ከዚያ ወዲያ አዳራሽ የሚሰጣቸው አልተገኘም። የሚጠራቸው ሠርግ ብቻ ሆነ፤ እሱም ነጭ ከለበሱ ነው። አለልኝ ለበሰ። ፈንታሁን እምቢ አለ። «እንግዲያው ከጥቁርህ ጋር ቅር» ብሎት አለልኝ ኪቦርዱን ይዞ ባሕር ዳር ገባ። የባንዱ ታሪክ ይኸው ነው።

ፈንታሁን ግን ጥቁሩን አላወለቀም። ጎማ ቤት ተቀጥሮ ጎማ ሲለጥፍም በጥቁር ነው። ከተማው መጀመሪያ ሳቀበት፤ በኋላ ለመደው።

ወደ እህቴ ቤት ሊሸኘኝ አብረን መራመድ ጀመርን። አንድ ጋሪ ነጂ አጠገባችን ሲደርስ ፈረሱን ገታ።

«አንተ ጥቁሩ፣ ዛሬ ደግሞ የት ልታስለቅሰን ነው?»

መልስ ሳይጠብቅ እየሳቀ ሄደ። ፈንታሁን ባለበት ቆመ።

«ጋሼ፣ አለልኝ ሞቷል።»

«ምን?... መቼ?»

«ጉበቱን ነው አሉ። ኔትወርክ አልነበረም። ከተቀበረ በኋላ ነው አንድ የጭነት መኪና ሹፌር የነገረኝ። መርዶ እንኳን በወጉ አልተረዳሁም። ጎማ እየፈታሁ ነው የሰማሁት።»

ከመንገዱ ወደ ዳር ሳብ አደረግኩት።

«ወንድሙ አይደለሁ፣ ድንኳን አልጥል። ቤቴ መጥቶ አብሮኝ የሚቀመጥ የለም። ጥቁር ለብሼ ሰው እንዲያውቅልኝ እንዳላደርግ...» የጃኬቱን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ አሳየኝ። «ሳምንቱን ሙሉ ሐዘን ላይ ነኝ። አንድ ሰው እግዜር ያጥናህ አላለኝም። እርስዎም ባንዱ ተመልሷል ወይ አሉኝ።»

«እግዜር ያጥናህ» አልኩት። ተጠይቆ የሚሰጥ ማጽናኛ ምን ያጽናናል?

ትንሽ አሰበና፣ «ነጠላዎን ያውሱኝ» አለኝ።

ሰጠሁት። ጃኬቱን አውልቆ አቀበለኝ። ነጠላዬን ዘቅዝቆ፣ ጥለቱን ወደ አንገቱ አድርጎ ለበሰው... ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው።

ብዙ አልሄድንም። እማማ ጥሩወርቅ ዛሬም እዚያው ድንቻቸው ፊት ተቀምጠዋል። አርጅተዋል። «ማን ሞተባችሁ?» ካሏቸው ቀን ወዲህ ፈንታሁን በፊታቸው ሲያልፍ ቀና ብለው እንኳን አያዩትም ነበር። ነጠላውን ሲያዩ ግን መሬቱን ተደግፈው ተነሡ።

«እኔን ልጄ... ማን ሞተብህ?»

«ጓደኛዬ ነው እማማ። አለልኝ።»

«የትኛው አለልኝ?»

«ኪቦርድ የሚጫወተው።»

እማማ ጥሩወርቅ ደረታቸውን መቱ። «ያ ነጭ ለብሶ ሠርግ የሚያደምቀው?»

ፈንታሁን አፉን ከፈተ። ስለ ጥርባው ክሊፕ፣ ስለ አዳራሹ፣ ኪቦርዱን ጋሪ ላይ ጭነው አብረው ስላለፉበት ቀን ሊነግራቸው መስሎኝ ነበር። መልሶ ዘጋው።

«አዎ» አላቸው፤ «እሱ ነው።»

«እግዜር ያጥናህ ልጄ» ብለው አቀፉት። ያን ጊዜ ትከሻቸው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ያ ጋሪ ነጂ ዞሮ ሲመለስ አይቶን ወረደ፤ ባርኔጣውን አውልቆ አጠገባችን ቆመ። ድንች ሊገዙ የመጡትም ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው ቆሙ። ለ«ጥቁር ጉም» ያን ያህል ሰው ጸጥ ብሎ ሲቆም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔ ክርስትናው ቤት ያለ ነጠላ፣ የፈንታሁንን ጥቁር ጃኬት በክንዴ ይዤ ገባሁ። እህቴ ገና ከበር ስታየኝ ደንግጣ «ማን ሞተ?» አለችኝ።

ፈንታሁን ያን ሁሉ ዓመት የለበሰውን ጥቁር፣ ሰው ያመነው ያወለቀው ዕለት ነው።