የአባቴ ወገን ሴቶች

«በዘመዶቻችሁ መካከል የጡት ካንሰር የያዘው ሰው አለ?» ብላ ሐኪሟ ስትጠይቀን እህቴና እኔ እኩል «የለም» አልን።

አዲስ አበባ ነበርን። ታላቅ እህቴ ደብረ ማርቆስ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት፣ መድኃኒቷን ጨርሳ፣ ደህና ከሰነበተች በኋላ በሽታው ጉበቷ ላይ ታየ። ሐኪሟ ያሰበችላት አንድ እንክብል ነበረ። ይህ እንክብል ደህና የሚሠራው ግን በሽታው በዘር ከሚወረስ የዲኤንኤ ስህተት የመጣ እንደሆነ ነው። ምርመራው ደም ውጭ አገር ተልኮ ስለሚሠራ፣ የሚላክላቸው በቤተሰባቸው ታሪክ ጥርጣሬ የሚያሳድር ነገር ያላቸው ሕመምተኞች ናቸው።

«የአባታችሁስ ወገን?» አለች።

ተያየን። የጡት ነገር ስለሆነ ሁለታችንም ያሰብነው የእናታችንን እናትና እህቶች ብቻ ነበር።

«ከአባትም ይወረሳል» አለች ሐኪሟ። «ወንዱ ራሱ ሳይታመም ለልጁ ሊያስተላልፍ ይችላል።»

ስለ ጤና ብዙ ዜና ሠርቻለሁ፤ ይህን ግን አላውቅም ነበር። በማግሥቱ ወደ ጎጃም ተመለስኩና በሚኒባስ ይጁቤ ወረድኩ። የአባቴ ታናሽ ወንድም የሚኖሩት እዚያ ነው። በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ከመተጫጨታቸው በፊት ዝምድና እንዳይኖራቸው እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ከእኛ ወገን ለቆጠራ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

«ደግሞ ማን ሊያገባ ነው?» አሉኝ ገና ከበሩ ሲያዩኝ።

«ማንም አያገባም፣ ጋሼ። ስለሞቱት ሴቶች ልጠይቅዎ ነው።»

«ጋዜጠኛ የሕያዋኑን ወሬ ጨረሰ ማለት ነው!»

ተቀምጠው ጀመሩ። የአባታቸውን እህቶች፣ የራሳቸውን እህቶች፣ የእነሱን ልጆች ሳይደናቀፉ ዘረዘሩልኝ። ግን «በምን ሞተች?» ስል መልሳቸው አንድ ሆነ።

«ታማ።»

«ምን ታማ?»

«ታማ ነዋ! ሐኪም መሰልኩህ እንዴ?»

ምስር ይለቅሙ የነበሩት ባለቤታቸው ቀና አሉ። «ታናሽ እህትዎ ጡቷ ቆስሎ አይደል የሞተችው? ጨርቁን ስቀይርላት የነበርኩት እኔ አይደለሁ?»

«ምች ነው ተብሎ ነበር።»

«ምች ዓመት ሙሉ ጡት ላይ ይቀመጣል?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አክስታቸውም እንዲሁ ነበሩ ብላኛለች፣ ሟቿ ራሷ። ለሰው አይነገርም፣ ልጄ። ሴቶች ልጆች ባል እንዳያጡ ይፈራል።»

«እኔም ሰምቼ ነበር» አሉ አጎቴ። «የሚቆጠር ነገር አልመሰለኝም።» ከዚያ «አሁን ይህ እህትህን ይጠቅማታል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ሊጠቅማት ይችላል። እርግጠኛ አይደለሁም።»

ከይጁቤ ሳልነሣ ለሐኪሟ ደወልኩ። የእህቴ ደም ተቀድቶ ተላከ።

ውጤቱን ስንጠብቅ ሥራ መፍታት ስለማልወድ፣ የሚመረምረው ማሽን ዲኤንኤውን እንዴት እንደሚያነብ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ጠየቅኩ። ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ የሚያነብ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። አንድ መጽሐፍ በብዙ ቅጂ ተገልብጦ፣ ቅጂዎቹ ሁሉ ተቀዳደው አንድ ጆንያ ውስጥ እንደተጨመሩ ማሰብ ነው። ማሽኑ እያንዳንዱን ቁራጭ ያነባል። ከዚያ ኮምፒውተሩ የአንዱ ቁራጭ መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር የት እንደሚመሳሰል እያየ፣ ከሚታወቅ ሙሉ ቅጂም ጋር እያስተያየ፣ በቦታ በቦታው ያስቀምጠዋል። የተለየ ነገር ያለው ስፍራ ያኔ ይታያል።

«ሁልጊዜ ትርጉሙ ይታወቃል?» አልኩት።

«ሁልጊዜ አይደለም። ልዩነት አግኝተን ይጉዳ አይጉዳ መናገር የሚያቅተን ጊዜ አለ።»

ይህን ለእህቴ ደብረ ማርቆስ ቤቷ ስነግራት ፊቷን አጨማደደች። «እንዲህ ተበጣጥሼ ነው የምነበበው?»

«አንቺ አይደለሽም፣ እህት ዓለም። ደምሽ ነው።»

«ታዲያ ደሜ ማን ሆነና?»

ሐኪሟ የደወለች ቀን አብሬያት ነበርኩ። እህቴ ስልኩን ለሁለታችንም እንዲሰማ አደረገችው። ስህተቱ ተገኝቷል። ያለው የተሰበረ ዲኤንኤ በሚጠግን ጂን ላይ ነው።

«ጠጋኙ ራሱ ነው የተበላሸው?» አለች እህቴ።

«አዎ። የካንሰሩ ሕዋስ ደግሞ በሌላ መንገድ እየተጠገነ ይኖራል። እንክብሉ ያንን መንገድ ይዘጋበታል።»

«እንግዲህ ይዝጋበት» አለች እህቴ።

እንክብሉን ጀመረች። መጀመሪያ ላይ አቅለሸለሻት፣ ደሟም አነሰ፤ የእንክብሉ መጠን ተቀንሶላት ቀጠለች። አጎቴ የሐኪሟን ምክር ሰምተው ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ይዘው ለዚሁ ምርመራ ደም ሊሰጡ መጡ። ትንሿ «የሚያጩኝ ሰዎች ቢሰሙስ?» ስትላቸው «ከአሁን ወዲያ ስቆጥር ይህንንም እነግራቸዋለሁ» አሏት። እሷ ግን አልሳቀችም።

ከወራት በኋላ የእህቴ ጉበት እንደገና በምስል ታየ። ሐኪሟ የቀድሞውንና የአሁኑን ጎን ለጎን አድርጋ አሳየችን።

«ጠፋ?» አለች እህቴ።

«አልጠፋም። አንሷል፣ ደህና አድርጎ አንሷል። እንክብሉን ሳታቋርጪ ጠዋትና ማታ ትወስጃለሽ።»

«እስከ መቼ?» አልኩ እኔ።

«እስከሠራላት ድረስ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚሠራላት ግን ልነግርህ አልችልም።»

እህቴ ነጠላዋን እያስተካከለች ተነሣች። «ጠዋት ጠዋት ከሆነማ የዘንድሮ የፍልሰታ ጾም አመለጠኝ» አለች። «የንስሐ አባቴን አንተ ታስፈቅድልኛለህ፤ እኔ አፍራለሁ።»